ቤተሰቡ ሰምቷል

«ከሏን እዚያው ቢቸናዋ ሄዳ ታውልቅ» አሉ አማቴ እምዬ ሀብትነሽ። የተኛሁበትን ክፍል ከእሳቸው መኝታ የሚለየው ግድግዳ ስስ ጭቃ ስለሆነ፣ ድምፃቸው ትራሴ አጠገብ ተቀምጠው የሚያወሩ ያህል ጥርት ብሎ ይሰማል። «በልጄ ሙት ዓመት አጠገቤ ተቀምጣ አላይም። እኔ ነኝ በእጄ የእሷን ጥቁር የማወልቅላት? በየትኛው እጄ?» ልጃቸው ማናለሽ «ኧረ ቀስ በይ እምዬ፣ ትሰማሻለች» አለቻቸው። «ትስማ! እኔን ማን ቀስ ብሎ አሰማኝ?» አሉ። ከዚያ ከዘራቸው ከአልጋው ብረት ጋር ሲጋጭ ተሰማ። የሞጣን የጥር ብርድ ሰበብ አድርጌ፣ ብርድ ልብሱን እስከ አፌ ስቤ ትንሽ ቆየሁ።

በባሌ በስጦታው ቤት ወግ፣ መበለት ከል ለብሳ የምትቆየው እስከ ሙት ዓመቱ ነው። በዚያ ቀን፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ሰው ሁሉ ዳስ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ የሟቹ እናት ትነሣና ጥቁሩን ነጠላ ከምራቷ ራስ ላይ ታነሣላታለች። ነጭ ታለብሳታለች። «በቃሽ ልጄ» ትላታለች። ሌላ ቃል የለውም። ዩኒቨርሲቲ ተምሬያለሁ፤ ጥቁር ጨርቅ በባለቤቱም እጅ እንደሚወልቅ አውቃለሁ። ቢሆንም ዓመቱን ሙሉ ስጠብቅ የኖርሁት ያንን ቃል ነበር። ሙት ዓመቱ በሚመጣው እሁድ ነበር። ያን ቀን ዓርብ ነበር።

ስወጣ ማናለሽ ሻይ አቀረበችልኝ። ማናለሽ የስጦታው ታላቅ እኅት ናት። እሱ በሕይወት ሳለ እዚህ ቤት ስመጣ ማድ ቤት ገብተን፣ ጆሮው በተሰበረ ኩባያ፣ «እጅ የለሽም? ራስሽ ቅጂ» እየተባባልን ነበር የምንጠጣው። አሁን ሻዩ የሚመጣልኝ ሳሎን፣ ወርቃማ ጠርዝ ባለው የእንግዳ ብርጭቆ፣ ከሥሩ ሳህን ተደርጎለት ነው። ከፊቴ ያለው ግድግዳ ላይ የስጦታው ፎቶ ተሰቅሏል፤ የጉድጓድ መቆፈሪያው ማሽን አጠገብ ቆሞ፣ ቆቡን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ፣ ለፀሐዩ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ። ያነሣሁት እኔ ነኝ። ማናለሽ ፎቶውንም እኔንም ሳታይ ስለ በግ ታወራኝ ጀመር። ሠርገኛው የጥርን በግ አስወድዶታል፤ ሙክቱ ቀርቶ ጠቦቱ እንኳ አይቀመስም፤ ቅቤውስ ቢሆን። «ዛሬ ትጨርሳላችሁ?» አለችኝ በመጨረሻ። «ዛሬ እንጨርሳለን እትዬ» አልኋት። ብርጭቆውን ሳልጨርሰው አነሣችውና «እንግዲያው ነገ በጠዋት መናኸሪያ ብትወርጂ ይሻልሻል። ቅዳሜ ገበያ ነው፤ ቦታ አታገኚም» አለች። የነገው ቅዳሜ የእሁዱ ዋዜማ መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን። «እሺ» አልኋት።

ከልጇ ከሄለን ጋር አብረን ወጣን። ሄለን ኮሌጅ ከጨረሰች ጀምሮ የምትሠራው የእኔም የስጦታውም መሥሪያ ቤት በነበረው «ምንጭ ለሁሉ» በሚባለው የውኃ ማኅበር ሞጣ ቅርንጫፍ ነው። የማኅበሩን የፌስቡክ ገጽ ለቅርንጫፎቹ ሁሉ የምመራው እኔ ነኝ፤ ቢቸና ተቀምጬ፣ በየጊዜው እየዞርሁ በየከተማው ገጹ ላይ የሚጽፉትን ልጆች አስተምራለሁ። ሄለን የመጀመሪያ ተማሪዬ ነበረች። ስልክ አያያዟን፣ ብርሃን አመራረጧን፣ የጻፈችውን ግማሹን መሰረዝን ከእኔ ነው የተማረችው፤ በዚያ በማድ ቤቱ ዘመን፣ ዱቄት በእጃችን ላይ እያለ ጭምር። መንገድ ላይ የሠርግ ሚኒባሶች ጥሩንባቸውን እየነፉ ያልፋሉ። ሄለን አቧራውን በነጠላዋ ጫፍ እየተከላከለች፣ እኔን ሳታይ፣ «ሰሊዬ፣ ጠዋት ሰማሽ?» አለችኝ።

«ሰማሁ።»

«ንዴት ነው እኮ። ዳሌዋን ሲቆረጥማት ማንንም ትሳደባለች።»

«እስከ ሙት ዓመቱ ጊዜ ስጪኝ ብለሽኝ ነበር።»

«ዛሬ። ዛሬ ማታ እነግራታለሁ። እማዬ ትሙት!»

የምትነግራቸው ነገር ይኸ ነው። የዛሬ ዓመት የማኅበሩ መኪና ወደ ዓባይ በሚወርደው መንገድ ሲገለበጥ፣ ስጦታው ቢቸና ሐኪም ቤት ሳይደርስ አረፈ። እኔ ሐኪም ቤቱ በር ላይ ነበርሁ፤ ስለዚያ ሰዓት ከዚህ በላይ የምጽፈው የለኝም። ሽማግሌዎቹ ደንቡን ተነጋገሩ። እናቲቱ መርዶውን በማግስቱ ሲነጋጋ፣ እሳት ሳያነዱ፣ በንስሐ አባታቸው አፍ፣ ግራና ቀኝ የሚይዛቸው ሰው ተዘጋጅቶ ይሰማሉ፤ እስከዚያ ሞጣ ውስጥ ማንም እንዳይተነፍስ ተባለ። ግን በዚያኑ ቀን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የማኅበሩ ገጽ ላይ የስጦታው ፎቶ ወጣ፤ ያ ማሽኑ አጠገብ የቆመው። «በታታሪው ባልደረባችን ድንገተኛ ዕረፍት የተሰማንን ጥልቅ ሐዘን እንገልጻለን» ይላል። እምዬ ሀብትነሽ ደጃፋቸው ላይ ጌሾ ይቀነጥሱ ነበር። ጎረቤታቸው ባንቺዓለም ልጇ ስልክ ላይ ያየችውን ሰምታ፣ ደረቷን እየደቃች፣ «ወየው እምዬ ልጅዎ!» እያለች ግቢው ውስጥ ገባች። እሳቸው ሲነሡ ደረጃውን ሳቱት። ዳሌያቸው ተሰበረ። ልጃቸውን የቀበሩት ቃሬዛ ላይ ተኝተው ነው።

ያንን ያወጣችው ሄለን ነበረች። ወሬው ግን እኔን ያዘ። ባንቺዓለም «ከሚስቱ መሥሪያ ቤት ነው የወጣው፤ የዚህ ነገር አለቃ እሷ ናት» አለች፤ በቃ፣ ከተማው ሁሉ «የባሏን ሞት በፌስቡክ ያረዳች» አለኝ። በዚያ ሰሞን የሚባለውን የምሰማበት ጆሮ አልነበረኝም። ከአርባው በኋላ ገጹን ስከፍት ግን ከጽሑፉ ሥር፣ ለገጹ ኃላፊዎች ብቻ የሚታየው ቦታ ላይ፣ የሄለንን ስም አየሁት። ጠራኋት። አልካደችም። «የቅርንጫፋችን ኃላፊ ዋናው መሥሪያ ቤት ሳይቀድመን አውጪው አለኝ» አለች። ያስተማርኋትን ጥያቄ አስታወስኋት፤ የሰው ሞት ከመውጣቱ በፊት ደውላ የምትጠይቀውን፦ ቤተሰቡ ሰምቷል ወይ? ሄለን ያኔ ያየችኝን አስተያየት አልረሳውም፤ እውነትም ግራ ገብቷት ነበር። «ማንን ልጠይቅ ሰሊዬ? ቤተሰቡ እኔ አይደለሁም? እኔ ሰምቼ ነበር። እማዬም ሰምታ ነበር። እምዬ ስልክ የላትም ብዬ…» አለችና ጉልበቴ ላይ ተደፋች። አያቷን የምታጥባቸው፣ የምታገላብጣቸው፣ ሌሊት «ሄሉዬ» ሲሉ የምትነሣላቸው እሷ ናት። እሷ መሆኗን ቢያውቁ በማን እጅ ይታጠባሉ? ራሷ በጊዜዋ እስክትነግራቸው ዝም ልል ቃል ገባሁ። ያን ጊዜ ዝምታ ዋጋ እንዳለው አላሰብሁም ነበር፤ ከቀረብኝ ነገር አንጻር ሁሉም ትንሽ ይመስለኝ ነበር።

ሥልጠናው የማኅበሩ አዳራሽ ውስጥ ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መጋረጃው የተለያየ ቀለም፣ ፕሮጀክተሩ መብራት በሄደ ቁጥር እንደ አህያ የሚያናፋ። ከሉማሜ፣ ከሮብ ገበያና ከመርጡለ ማርያም የመጡ ልጆች ከማክሰኞ ጀምሮ አብረውኝ ነበሩ። የማስተምራቸው ከባድ ነገር አይደለም። ባለሥልጣን ሪባን ሲቆርጥ ከሚያሳይ ፎቶ ይልቅ እንስራ ሲሞላ የሚያሳይ ፎቶ ሰው ያያል። ሮብ ገበያ ላይ ስለ ውኃ ንጽሕና መጻፍ የሚሻለው ረቡዕ ወደ ማታ ነው፤ የገጠሩ ወጣት ለገበያ ወጥቶ፣ ስልኩን ቻርጅ አድርጎ፣ የአምስት ብር ካርድ ሞልቶ የሚቀመጠው ያኔ ነውና። የሚሳደብ አስተያየት ሲመጣ መልስ የሚጻፈው ለተሳዳቢው ሳይሆን ዳር ቆሞ ለሚያነበው ነው። ሰሌዳው ላይ ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያልተሰረዙ ሦስት ጥያቄዎች አሉ። እውነት ነው? ማንን ይጠቅማል? ሞት ከሆነ፣ ቤተሰቡ ሰምቷል? የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን አዲስ አበባ ያሠለጠኑኝ ሰዎች ናቸው ያስተማሩኝ። ሦስተኛው የራሴ ነው፤ እነሱ አገር መርዶ እንዴት እንደሚነገር እንጃ።

የመርጡለ ማርያሙ ሰማው ዲያቆን ነው፤ ሲቀልድም ዜማ አለው። «እትዬ ሰሎሜ፣ አባቶች እኮ ይህን ኮርስ በአንድ መስመር ጨርሰውታል፤ ከአፍ የወጣ አፋፍ» አለ። ልጆቹ ሳቁ። የሉማሜው ልጅ «የአንተ አፍ በየት በኩል ነው አፋፉ? እስካሁን አላየነውም፤ ሲወጣ ብቻ ነው የምናየው» አለው፤ ሰማውም «ዳታ ስትገዛ ታየዋለህ፤ በነፃ ዋይፋይ አልገለጽም» ብሎ መለሰለት። እኔም ሳቅሁ። በጥቁር ልብስ ውስጥ ሆኖ መሳቅ ሰውን ያስደነግጣል፤ ወዲያው ዝም አሉ።

እስከ መጪው ሰኞ ድረስ የሥልጠናው ሥርዓት እንዲህ ነበር፦ ልጆቹ የሚጽፉትን ሁሉ ገጹ ላይ በረቂቅ ያስቀምጣሉ፣ እኔ አይቼ አወጣዋለሁ ወይም እመልሰዋለሁ። ከሰኞ በኋላ እያንዳንዱ በራሱ ያወጣል። የዚያን ዓርብ ከምሳ በኋላ ደግሞ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ባለፈው ዓመት ያወጣውን «ውጤታማ ሥራ» ለሌሎቹ እንዲያሳይ ተባለ። ይህን ያከለው የሞጣ ቅርንጫፍ ኃላፊ አቶ ወልደ ሰንበት ነው። ሰፊ ሰው ነው፤ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ቦርሳውን ሌላ ወንበር ላይ ያስቀምጣል፤ ስልኩ ሲጮህ «ስብሰባ ላይ ነኝ» ለማለት ያነሣዋል። ሰማው የአንዲት አሮጊት ፎቶ አሳየ፤ ከአዲሱ ቧንቧ ውኃ ከመቅዳታቸው በፊት ሲያማትቡ። ጥሩ ነበር፤ ጥሩ መሆኑን ነገርሁት። የሮብ ገበያው ልጅ የተመረቁ ቧንቧዎችን ብዛት አሳየ፤ ማንም አላየለትም። ከዚያ የሞጣ ተራ ሆነ። ሄለን ተነሣች። ፕሮጀክተሩ አናፋ፤ ግድግዳው ላይ ስጦታው ወጣ፤ ቆቡን ገፋ አድርጎ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከአዳራሹ በር ይበልጥ ሰፊ ሆኖ።

ሄለን ደነገጠች። እሷ ያዘጋጀችው ሌላ ነበር፤ ዓይኗ ይናገራል። ኃላፊው ከወንበሩ ሳይነሣ «እኔ ነኝ የቀየርሁት» አለ። «ሄለን ታፍራለች፤ ሥራዋን መደበቅ ትወዳለች። ከሁሉም ቅርንጫፍ እንደዚህ የታየ የለም። ማኅበሩ ለሠራተኛው ያለውን ፍቅር ሕዝቡ ያየበት ነው። ወይዘሮ ሰሎሜም እዚሁ ናቸው፤ ሐዘናቸው ሐዘናችን ነው» አለና፣ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣኝ። ከዚያ «በይ አስረጂ እንጂ! ለምን ይህን ያህል ተሰራጨ?» አላት። ከኋላ የተቀመጡት አጨበጨቡ፤ ጭብጨባው መሐል ላይ አፍሮ ቆመ። ሄለን ጀርባዋን ለፎቶው ሰጥታ ስታስረዳ ሰማኋት። «የታየበት ምክንያት… አንደኛ፣ ፎቶው ሕይወት አለው። ሁለተኛ፣ ጽሑፉ አጭር ነው። ሦስተኛ…» አለችና ሰሌዳውን እንዳታይ ወለሉን አየች፤ «ሦስተኛ፣ ከማንም ቀድመን ነው ያወጣነው።»

ሰማው እጁን አወጣ። ቀልድ ድምፁ ውስጥ አልነበረም። «ሄለን፣ ያቺን ጥያቄ ጠይቀሽ ነበር? ሦስተኛዋን?»

«ጠይቄ ነበር» አለች ሄለን።

«ምን አሉሽ?»

«ሰምቷል።»

እኔ አሠልጣኝ ነኝ፤ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ፤ አስተያየት እየጠበቁ። ፎቶው ሕይወት እንዳለው ተስማማሁ። ጽሑፉ አጭር መሆኑንም። «ቀድሞ ስለ መውጣት ሰኞ እመለስበታለሁ» አልሁ፤ ሥልጠናው ዛሬ እንደሚያበቃ፣ ሰኞም እዚህ እንደማልኖር ረስቼው። አቶ ወልደ ሰንበት ግን ሌላ ዜና ነበረው። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ የሮብ ገበያንና የሉማሜን ልጆች የምታሠለጥነው ሄለን እንድትሆን ዋናው መሥሪያ ቤት ተስማምቷል። «ወይዘሮ ሰሎሜ ብዙ ደክመዋል፤ አሁን ልጆቻቸው ይድከሙ» አለ። በዚህኛው ላይ ጭብጨባው አላፈረም። ሄለንን አየኋት። ደስ ብሏታል፤ ደስ እንዳላት ላለማሳየት ከንፈሯን ነክሳለች። ተማሪዬ ናት፤ ደስታዋን አውቀዋለሁ። ክፉ ልጅ ብትሆን ይቀለኝ ነበር።

ወደ ማታ ቤት ስንመለስ የእምዬ ሀብትነሽ ክፍል ሰው ሞልቶት ነበር፤ የሰፈር ሴቶች ስለ እሁዱ ዳስ፣ ስለሚከራየው ወንበር፣ ስለ ጠላው መድረስ አለመድረስ ይነጋገሩ ነበር። ስገባ ዝም አሉ፤ ከዚያ አንድ በአንድ «ደኅና እደሩ» እያሉ ወጡ። እምዬ አልጋቸው ላይ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ፊታቸው የስጦታው ፊት ነው፤ ከዚህ ቤት ስቀር በጣም የሚናፍቀኝ የእሳቸው ፊት እንደሚሆን ያን ጊዜ ገባኝ። እጅ ነሣሁ። «ደኅና ዋሉ እምዬ?» አልኋቸው። «እግዜር ይመስገን» አሉ፣ ለግድግዳው። ሄለን እግራቸው ሥር ተቀመጠችና ብርድ ልብሱን ገልጣ ቅባት እየቀባች እግራቸውን ታሻቸው ጀመር። እሳቸውም ራሷን ዳበሱላት። «ይቺ ልጅ ባትኖር እስካሁን እዚያው ከልጄ ጎን ነበርሁ» አሉ። ማናለሽ በሩ አጠገብ ቆማ እጇን በመቀነቷ ታብሳለች፤ እጇ እርጥብ አልነበረም።

«ሄሉዬ» አሉ እምዬ፣ «ለእሁዱ አንቺ አውጪልን። በዚያ በስልኩ። ባሕር ዳር ያሉት፣ አዲስ አበባ ያሉት፣ ሁሉም ይስማ። የእናቱን ስም፣ የእኅቱን ስም፣ የአንቺን ስም አድርጊ። ደንቡን ጠብቀሽ። እንደዚያ እንደ ባለፈው በሌባ አመጣጥ አይደለም። አንቺ ደንብ ታውቂያለሽ።»

ሄለን ማሸቷን አቆመች። ክፍሉ ውስጥ አራት ሴቶች ነበርን፤ ውጪ የጎረቤት ሠርግ ከበሮ ይሰማል። ዓመቱን ሙሉ ስጠብቀው የነበረው ጊዜ ይህ ነበር፤ ቤቱ ውስጥ ባዳ የለም፣ አያቷ ራሳቸው የመናገሪያውን በር ከፍተውላታል፣ የቀራት አንዲት ቃል ናት። እኔ እንዳልናገር የከለከለኝ የገባሁላት ቃል ብቻ አይደለም። ቅባቱ ውስጥ የተነከሩትን ጣቶቿን እያየሁ ነበር። ከእኔ አፍ ከወጣ ክስ ነው፤ ከእሷ ከወጣ ንስሐ ነው። ስለዚህ ማድረግ የምችለውን አደረግሁ። በአሠልጣኝ ድምፄ፣ ቀስ ብዬ፣ «ሄለን፣ ከማውጣትሽ በፊት የምትጠይቂው ምን ነበር?» አልኋት።

ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። «ቤተሰቡ ሰምቷል ወይ» አለች።

«እሺ፤ ሰምቷል?»

እምዬ ሀብትነሽ አንዴ እሷን አንዴ እኔን አዩ። «ምንድን ነው የምትባባሉት?» አሉ። ሄለን አፏን ከፈተች። ከዚያ እናቷን አየች፤ በሩ አጠገብ የቆመችውን። ማናለሽ ራሷን እንኳ አልነቀነቀችም። ሄለን ወደ እግራቸው ጎንበስ አለችና ማሸቷን ቀጠለች። «ሰምቷል» አለች። «የሥራ ወሬ ነው እምዬ» አለች ማናለሽ።

ሻንጣዬን ሳወጣ ማናለሽ እስከ ግቢው በር ሸኘችኝ። «ምነው፣ ነገ በጠዋት ትሄጃለሽ ብዬ እኮ ነው» አለች፤ ግን ሻንጣውን ከእጄ አልወሰደችም። በሩ ጋ ስንደርስ ቆመች። ጨለምለም ብሏል፤ ፊቷ አይታየኝም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው እትዬ?» አልኋት።

የሠርጉ ከበሮ አንድ ዘፈን ጨርሶ ሌላ ጀመረ። «ከዚያኑ ማታ» አለች። «ስታወጣው አጠገቧ ነበርሁ። ወንድሜን አገር ይወቅልኝ ብዬ ፎቶውንም የመረጥሁላት እኔ ነኝ።» ነጠላዬን፣ ጥቁሩን፣ ከትከሻዬ ላይ ሲንሸራተት አየችና መልሳ አስተካከለችልኝ። «ሆድ ይፍጀው ሰሎሜ። አንቺ ትችይዋለሽ፤ ሥራ አለሽ፣ ቢቸና ቤት አለሽ። እኛ እዚህ ነን የምንኖረው፣ አንድ ጣሪያ ሥር።» ከዚያ «ነገ ቅዳሜ ነው፤ በጠዋት ውረጂ» አለችና በሩን በቀስታ ዘጋችው።

መናኸሪያው ፊት ለፊት ካለው ፔንሲዮን አልጋ ያዝሁ። ሠርገኛ ስለሞላ የቀረው ክፍል ከደረጃው ሥር ያለው ነበር፤ አምፖሉ ቢጫ፣ መስኮቱ ወደ ግድግዳ የሚከፈት። ያሳረፈችኝ ልጅ ከሌን አይታ «እግዜር ያጽናዎት» አለችኝ፤ የማን ሐዘን እንደሆነ አልጠየቀችኝም፤ ለዚያ አመሰገንኋት። ጫማዬን ሳላወልቅ አልጋው ጠርዝ ላይ እንደተቀመጥሁ ስልኬ ጮኸ። ገጹ ላይ እንዳየው የሚጠብቅ ረቂቅ መጥቷል። ከሞጣ ነው።

እስከ ሰኞ ድረስ አይቶ ማውጣት የእኔ ሥራ ነው። ከፈትሁት። ፎቶው ያው ነው። ሄለን ከጎን በኩል ቆርጣዋለች፤ በፊት ጥጉ ላይ የሚታየው የእኔ ጥላ፣ ካሜራ የያዘ የሴት ጥላ፣ አሁን የለም፤ እንደዚህ ሆኖ ይበልጥ ጠርቷል፤ ምንጊዜም ዳሩን ቁረጡ ብዬ የማስተምረው እኔ ነኝ። ጽሑፉን እንደ ተማሪ ሥራ አነበብሁት። ቀኑ ትክክል ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ስም አለ፤ ቅዳሴው የሚያበቃበት ሰዓት፣ ዳሱ የሚጣልበት ሰፈር አለ። ትርፍ ቃል የለውም። መጨረሻው ላይ «እናቱ ሀብትነሽ፣ እኅቱ ማናለሽ፣ የእኅቱ ልጅ ሄለን» ይላል። ከዚያ በኋላ ነጥብ አለ።

አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ወርጄ፣ እንደገና ከላይ ጀምሬ አየሁት። ስሜን በራሴ ጣት ማስገባት እችል ነበር፤ የማን እጅ እንዳስገባው ከእኛ በቀር ማንም አያውቅም። ወይም መመለስ እችል ነበር፤ «ያልተሟላ» ብዬ። እውነት ነው? ነው፤ ከተጻፈው ውስጥ ሐሰት የለም። ማንን ይጠቅማል? የሚጠቅማቸውን አውቃቸዋለሁ። ሦስተኛው ጥያቄ ደግሞ ዛሬ ሁለት ጊዜ በፊቴ ተመልሷል።

ነጠላዬን ራሴ ላይ ተከናነብሁና ጽሑፉን እንዳለ አወጣሁት።